ጭነቱን የሚያቆም መኪና

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ሊሙ ገነት፣ አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ ሰቃ፣ ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ያላችሁ ሁሉ፣ ሳምንታዊ ዝግጅታችን በያላችሁበት ይድረሳችሁ። መሪ ይዛችሁ የምትሰሙን ሾፌሮችም መንገዱ ይቅናችሁ።

ቡናው እየቀላ ነው። ለቀማ ሲጀመር ምን ዓይነት ሩጫ እንደሚመጣ ለእናንተ አይነገርም። ዛሬ የተለቀመ እሸት ዛሬውኑ መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ የሊሙን የታጠበ ቡና ያስከበረው ጣዕም በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ወቅት የማይፈለግ መጓጓዣ የለም። በቅሎውም፣ ባጃጁም፣ ትራክተሩም፣ አይሱዙውም ሥራ ላይ ነው።

በዚህ ሩጫ መሐል አንድ ሐሳብ የብዙ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል። «ፒክአፕ ገዝቼ ተሳቢ ባስከትልስ? በለቀማ ጊዜ ቡና እጎትትበታለሁ፣ ሌላውን ጊዜ ቤተሰብ እጭንበታለሁ።» ሐሳቡ መልካም ነው። የዛሬው ዝግጅታችንም በዚሁ ላይ ነው፦ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ምን ዓይነት ፒክአፕ ወይም ፎር ዊል መኪና እንምረጥ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ጥያቄ ምንድን ነው? «ስንት ኩንታል ይጎትታል?» አይደል? ደላላውም ይህንኑ ስለሚጠብቅ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚቆየው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድሙ እላለሁ። «ስንት ኩንታል ያቆማል?» በሉ። ዛሬ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ጥያቄ ነው፤ አገራችን ተራራና ሸለቆ ናትና። ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው መኪና ይቆማል፣ ባለቤቱም ይናደዳል፤ ከዚያ የከፋ ነገር አይደርስም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያነሰው መኪና ግን ሰው ይገድላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጋራዥም ወደ ደላላም ከመሄዳችን በፊት ሚዛን ላይ እንውጣ። የምትጎትቱት ነገር ስንት ይመዝናል? «ያን ያህል አይከብድም» የሚባል መልስ አልቀበልም። ሚዛን በየመፈልፈያ ጣቢያው አለ።

ምሳሌ እንውሰድ። ሊሙ ገነት አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ነው እንበል። በአንድ ጉዞ 20 ኩንታል እሸት ማድረስ ይፈልጋል። ባዶው ተሳቢ ራሱ ከነብረቱ፣ ከነጎማው 7 ኩንታል ይመዝናል እንበል። ድምሩ 27 ኩንታል ሆነ፤ ሰው ብዙ ጊዜ 20ውን ቆጥሮ 7ቱን ይረሳል። ጆንያው ዝናብ መትቶት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ፒክአፑ እንምጣ። ጋቢና ውስጥ አምስት ሰው አለ፤ ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ነው። ቦታው ባዶ ከሚሄድ ተብሎ ከኋላው ላይ አምስት ኩንታል ተጨምሯል። እስካሁን ስምንት ተኩል። ፒክአፑ የሚሸከመው 10 ኩንታል ከሆነ ገና ቦታ ያለ ይመስላል። ግን አንድ ያልቆጠርነው ነገር አለ። ምን ይመስላችኋል?

(አፍታ ዝምታ)

የተሳቢው አንገት ነው። ተሳቢ መንጠቆው ላይ ዝም ብሎ አይንጠለጠልም፣ ይጫናል። በደንብ የተጫነ ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያህል መንጠቆው ላይ ያሳርፋል። ከ27 ኩንታል ወደ ሦስት ኩንታል የሚጠጋው ፒክአፑ ጀርባ ላይ አለ ማለት ነው። ስምንት ተኩል የነበረው ከ11 በላይ ሆነ። መኪናው የሚጎትተው ሳይበዛበት የሚሸከመው በዛበት።

ይህ ሲሆን በዓይን ይታያል። ከመንጠቆው በላይ ያለው የመኪናው ጭራ ይወርዳል፣ ባሌስትራው ቀጥ ይላል፣ መብራቱ ማታ ማታ የዛፍ ጫፍ ያበራል። የፊት ጎማዎች ደግሞ ይቀልላሉ። መሪ የሚታዘዘው፣ አብዛኛው የፍሬን ሥራም የሚሠራው በፊት ጎማ ነው። እዚያ ላይ ክብደት ሲያንስ መኪናው መታጠፍም መቆምም ያቅተዋል። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ መዝኑ፦ ተሳቢውን ከነጭነቱ፣ መኪናው ላይ ያለውን ሰውና ዕቃ፣ መንጠቆው ላይ የሚያርፈውን። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሁሉም ተደምሮ ከስንት ማለፍ እንደሌለበትም ይናገራል። ያን ቁጥር ፈልጉት፤ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ተሳቢ በአንድ ላይ የሚፈቅድ ፒክአፕ ብርቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ፋብሪካዎቹ ምን ይላሉ? በእኛ መንገድ የምናያቸው አዲስ አዲስ ዲዝል ፒክአፖች፣ ሃይሉክስ ሪቮ ባለ 2.8 ሞተሩ፣ የቅርብ ዓመታቱ አይሱዙ ዲ-ማክስ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ዲዝል ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ በብዙ ገበያ እስከ 35 ኩንታል እንዲጎትቱ የተፈቀደላቸው ናቸው። ከሪቮ በፊት የነበረው ሃይሉክስ፣ ሰው ቪጎ የሚለው፣ ባለ 3 ሊትር ሞተሩ 25 ኩንታል ገደማ ነው። የኛ ማኅበር 27 ኩንታል ለቪጎው ቀድሞውኑ በዝቷል ማለት ነው፣ ዳገቱን ቢያወጣውም።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ 35 ኩንታል የሚባለው ቁጥር የሚሠራው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው ለእነዚሁ መኪናዎች የሚፈቀደው ስንት ይመስላችኋል? ሰባት ኩንታል ተኩል። 750 ኪሎ! ልድገመው፦ ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ሾፌር ሆኖ፣ ተሳቢው ፍሬን ካለው 35፣ ከሌለው 7 ኩንታል ተኩል።

ሞተሩ አልተለወጠም። ልዩነቱ ያለው ማቆም ላይ ነው። የፒክአፑ ፍሬን የተሠራው ራሱን ፒክአፑንና የተጫነበትን እንዲያቆም ነው። ከኋላ የሚገፋውን 27 ኩንታል እንዲያቆም አልተሠራም። የማኅበራችንን ባዶ ተሳቢ አስታውሱ፤ ሰባት ኩንታል ነበር። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ አንድ ጆንያ እንኳ ሳይጫንበት መጠኑን ሊሞላ ምንም አልቀረው። በየሰፈሩ ጋራዥ በማዕዘን ብረትና በአሮጌ መኪና ዘንግ ተበይዶ የሚሸጥ ተሳቢ ስታዩ፣ ከቀለሙና ከዋጋው በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማው ውስጥ ፍሬን መኖሩን እዩ። ከሌለው የዕቃ ጋሪ ነው፤ ቡና አይጫንበትም።

ፍሬን ያላቸው ተሳቢዎች በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በግፊት የሚሠራ ነው፦ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ግፊቱ አንገቱ ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ውስጥ ይሰደዋል፣ ያ ዘንግ የተሳቢውን ፍሬን ይስባል። ቀላልና ጠንካራ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም አያስፈልገውም። ጉድለቱ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው፤ ተሳቢው ሲገፋ ስለሚውል ፍሬኑም ሲይዝ ይውላል፣ ይግላል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው ሊያዝዘው ይችላል። የተሻለው እሱ ነው፤ ነገር ግን ሽቦው ጭቃና ውሃ ውስጥ ስለሚሄድ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል።

(የሞተር ድምፅ፤ በዝቅተኛ ማርሽ ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪና፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የምትወጡ፣ ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ የሚያወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። አየሩ እየሞቀ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ ከፊት የሚሄደው የሲኖትራክ ጭነት መኪና ፍሬን ሽታ እየመጣ ይወረዳል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወደ ወልቂጤ ዳገቱ ይጠብቃል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ላስረዳ። መኪናውና ተሳቢው ተደምረው 50 ኩንታል ናቸው እንበል። 700 ሜትር ከፍታ ያለው ቁልቁለት ይወርዳሉ። ሾፌሩ ማርሹን ነፃ ለቆ፣ በፍሬን ብቻ እየያዘ ቢወርድ ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት ስንት ነው? አንድ ሊትር ናፍጣ ነዶ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። አንድ ሊትር ናፍጣ ፍሬን ሸራችሁ ላይ አፍስሳችሁ እንደማንደድ ነው። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ይተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሄዳል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው አደጋ ብዙው በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። የተበጠሰ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የጋለ ነገር ግን አለ።

መፍትሔው ምንድን ነው? ሙቀቱን ለሞተሩ መስጠት። የድሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና አናቱ ላይ ሳላችሁ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ይጩህ፣ አይጎዳም። ፍሬኑን አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍጥነት አውርዱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ፤ እያሻሻችሁ አትውረዱ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና የምትገዙ ከሆነ፣ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጎ መያዝ የሚቻልበት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ጥያቄያችንን አልረሳችሁም አይደል? ስንት ያቆማል?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንግባ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የነዳጅ መኪና ገበያው ዓይኑን የጣለው አገር ውስጥ በሚገኙት ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫችን በአብዛኛው ካገለገለ መኪና ነው።

በገጠር መንገድ የተከበረው ላንድክሩዘር ነው፣ ሃርድቶፑም ፒክአፑም። ሻንሲው ወፍራም ነው፣ ከኋላው ባሌስትራ ነው፣ መካኒኩም ዕቃውም በየከተማው ይገኛል። ብዙዎቹ የያዙት ዋን ኤች ዜድ የሚባለውን 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ዲዝል ሞተር ነው። ዕድሜው ረጅም ነው፣ ነዳጁ ንጹሕ ባይሆን እንኳ ይታገሣል። እኔም አክብሮቴ ትልቅ ነው። ግን ተርቦ የለውም። ጅማና ሊሙ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ያልፋሉ፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። ተርቦ ያለው አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ በሞተር መጠን አትታለሉ። የ2.8 ሊትሩ ሪቮ ተርቦ ስላለው ከ4.2ቱ አሮጌ ሞተር በጣም የበለጠ የመጎተት ኃይል አለው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሥራችሁ በቀስታ፣ በመጥፎ መንገድ፣ ከእርሻ እስከ መፈልፈያ ጣቢያ ከሆነ፣ አሮጌው ላንድክሩዘር ዝግ ብሎ ይሠራዋል፣ ለዓመታት። ሥራችሁ ተሳቢ እያስከተላችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ከሆነ ግን ተርቦ ያለው ሪቮ ወይም ዲ-ማክስ ይሻላል፤ ዳገት ላይ ከኋላችሁ ሰልፍ አታስይዙም፣ ናፍጣም ይቆጥባል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የአዲሶቹ ሞተሮች የናፍጣ መርጫ በጣም ረቂቅ ነው። ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃ የገባበት ናፍጣ አይወዱም። ማጣሪያውን በወቅቱ የማትቀይሩ ከሆነ አሮጌውን ግዙ።

ደብል ጋቢና ወይስ ሲንግል? ለመጎተት ከሆነ እኔ ሲንግሉን እመርጣለሁ። የራሱ ክብደት ይቀላል፣ ስለዚህ የሚሸከመው ይበዛል። ለቤተሰብም ይሁን ካላችሁ ደብሉን ውሰዱ፤ ተሳቢ በተጎተተ ቀን ግን ጋቢናው ሰው አይሙላበት።

ፎር ዊል የግድ ነው? ለእኛ አካባቢ፣ አዎ። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ናችሁ። የለቀማው መጀመሪያ ደግሞ ዝናቡ ገና ጨርሶ ያልሄደበት ጊዜ ነው። የኋላ ጎማ ብቻውን ተሳቢ ይዞ ጭቃ ዳገት አይወጣም። ከዚህ በላይ ግን እኔ የምፈልገው የፎር ዊሉን ዝቅተኛ ማርሽ ነው። ዳገት መሐል ቆማችሁ፣ ከኋላ 27 ኩንታል ይዛችሁ፣ በተራ አንደኛ ማርሽ ለመነሣት ስትሞክሩ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፤ ጥቂት ጊዜ ከደገማችሁት ይቃጠላል። በዝቅተኛው ማርሽ ግን መኪናው ፍሪሲዮን ሳያስጨንቅ ይነሣል። ያው ማርሽ ቁልቁለት ላይም ይይዛል። አስፋልት ላይ ስትወጡ ግን ፎር ዊሉን አውጡት። እነዚህ መኪናዎች ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ሲታጠፉ ማርሻቸው ይታሠራል፣ ሊሰበርም ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሊሙ እናርያ መንግሥት በነበረ ጊዜ ሰቃ ትልቅ የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች። ረጅም መንገድ የሚሄድ ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ ጀርባዋን ዳስሶ፣ ኮቴዋን አንሥቶ ያያል። ያገለገለ መኪናም የሚገዛው እንደዚሁ፣ ከታች ነው።

ካርቶን አንጥፋችሁ ከመኪናው ኋላ ግቡ። መንጠቆው የታሰረው ምን ላይ ነው? ሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን ከታሰረ ጥሩ። ፓራውልቱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ለጌጥ ነው፣ አትጎትቱበት። ከዚያ ከመንጠቆው ጀምራችሁ ሻንሲውን በጣታችሁ ወደፊት ተከተሉት። ባሌስትራው የሚያያዝበት ቦታ ላይ ቆም በሉ፣ ጭቃውን በጨርቅ ጥረጉት። የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ካያችሁ፣ ከመስመሯም ዝገት እንደ እንባ ወርዶ ከሆነ፣ ሻንሲው ተሰንጥቋል። አዲስ ጥቁር ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ደግሞ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። የባሌስትራውን ቅጠሎች ቁጠሩ፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ። ባለቤቱ ቅጠል ጨምሮበት ከሆነ «አጠንክሬዋለሁ» ይላችኋል። የተጨመረ ቅጠል ጭራውን ያነሣል እንጂ ፍሬኑን አያሳድግም፣ ሻንሲውንም አያወፍርም።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈ አራት አሃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ ተሳቢ ሲጎትት ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያው አጠገብ የሚሸከመውን የሚናገር ሌላ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 112 የሚል ጎማ እያንዳንዱ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የአውቶሞቢል ጎማ ተሳቢ ላይ የገጠመ ሰው ካያችሁ ምከሩት።

ከዚያ ንዱት። ሜዳ ላይ ተነድቶ የተገዛ መኪና አልተሞከረም። ከነጭነቱ ዳገት አውጡት፣ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ልቀቁት፣ ይይዝ እንደሆነ ስሙ። ወርዳችሁ ስትጨርሱ ከመኪናው ውጡና በየጎማው አጠገብ ቁሙ። የሚሸት አለ? አንዱ ጎማ ከሌላው ይበልጥ ያቃጥላል? እጃችሁን ቸርኬው አጠገብ አስጠጉ፣ አትንኩት። ተሳቢው ላይም እንዲሁ አድርጉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ጎማ ወይ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል፣ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ አጫጫን አጭር ነገር ልበል። ከባዱን ጆንያ የት ታስቀምጣላችሁ? ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደፊት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ የመኪናው ጭራ ይነሣል፣ ተሳቢውም ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። አንዴ ከተወዛወዘ መሪ በማዞር አይታረምም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ፣ ፍሬን ላይ አትዝለሉ። እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ቆማችሁ ጭነቱን አስተካክሉ። ሰው ደግሞ ተሳቢ ላይ አይጫንም። በለቀማ ወቅት ሠራተኞች ከጆንያ ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። መንጠቆው ቢለቅ ተሳቢው ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ሾፌሩ ምንም ሊያደርግላቸው አይችልም። ለዚሁ ነው ከመንጠቆው ሌላ ሁለት ሰንሰለት ከሥሩ ተመሳቅሎ መታሰር ያለበት። አንገቱ ቢወልቅ መሬት ሳይወጋ ሰንሰለቱ ይይዘዋል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «ታዲያ ተሳቢ ባይገዛስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቁም ነገር ነው። በቀን 20 ኩንታል ለማጓጓዝ፣ ለዚያውም ለሁለትና ለሦስት ወር፣ አይሱዙ የጭነት መኪና መከራየት ከፒክአፕና ከተሳቢ ግዢ ሊረክስ ይችላል። አይሱዙው ጭነቱን ራሱ ጀርባ ላይ ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ለዚያው የተሠራ ነው። እርሻችሁ ከመንገድ የራቀ፣ መግቢያው ለአይሱዙ የሚጠብ፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላ የሚጎተት ሥራ ያላችሁ ከሆነ ተሳቢው ያዋጣል።

ሌላም አስቡ። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ የሚሰጠው አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ነው። ቀሪው ውሃና ገለፈት ነው። በ20 ኩንታሉ ጉዞ ከ16 ኩንታል በላይ የምትጎትቱት እሱን ነው። ማኅበራችሁ ውሃ ባለበት፣ ለእርሻው በቀረበ ቦታ አነስተኛ መፈልፈያ ቢተክል፣ ወይም ከፊሉን በአልጋ አድርቆ ጀንፈል ቢያደርገው፣ ትልቁ ተሳቢ ላያስፈልግ ይችላል። የመኪናውን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በስብሰባችሁ አንሡት።

መኪናውን ወደ መግዛቱ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን እንዳትረሱ። የመኪናው ሊብሬ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ዝገትና ቀለም ሸፍኖት ከሆነ አስጠርጋችሁ አንብቡ። ተሳቢውም የራሱ ምዝገባና ሰሌዳ እንዳለው አረጋግጡ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ውል ስትፈርሙ ተሳቢ እንደምታስከትሉ ለመድን ድርጅቱ በግልጽ ንገሩ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ። የሾፌራችሁ መንጃ ፈቃድ ተሳቢ መጎተት የሚፈቅድለት መሆኑንም ከምትፈርሙበት ቀን በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፍሬን ዘይትና የፍሬን ሸራ መቼ መቀየር እንዳለበት ከአንድ የጋራዥ ባለሙያ ጋር እንወያያለን። ስለ መኪናችሁ ጥያቄ ያላችሁ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና የምትጎትቱትን ክብደት ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚዛን የተመዘነውን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)